የሄሊኮፕተሩን አደጋ ደሴ ላይ እንዴት መረመርን

ደሴ ላይ ጉም ማንንም አይደንቅም። ክረምት ላይ ሐረጎን የወረደ ሹፌር ከፊቱ ያለው መኪና የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ኮከቡን ኮቢ ብራያንትን ጨምሮ 9 ሰዎች የሞቱበትን የሄሊኮፕተር አደጋ ለፊዚክስ ክበባችን ሳቀርብ፣ ተማሪዎቼ ባንድ አፍ «ጉም ነው!» አሉ። አንዱ ብቻ «ሞተሩ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የምርመራ ሪፖርቱን ለሕዝብ ለቆታል። እኔ መደምደሚያውን አስቀርቼ ማስረጃውን ብቻ አትሜ ሰጠኋቸው። መልሱን ቀድሞ ያየ ተማሪ ማስረጃ አያነብም።

የሞተሩ ነገር ቶሎ ተዘጋ፤ ብልሽት አልተገኘበትም። ሄሊኮፕተሩ ጥቁር ሣጥን አልነበረውም፣ ሕጉም አያስገድደውም ነበር። ስለዚህ የበረራ መስመሩን ይዘን ከፍታውን በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈርን። ወደ 2,400 ጫማ ገደማ ይወጣል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። አብራሪው ግን ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ወደ 4,000 ጫማ እየወጣ መሆኑን እየነገረ ነበር። ታዲያ ዋሽቶ ነው?

ከቢሮ የሚሽከረከር ወንበር ተዋስን። አንዷን ተማሪ ዓይኗን በነጠላ አስረን፣ የምትዞርበትን አቅጣጫ በአውራ ጣቷ እንድታሳይ ነገርናት። በእኩል ፍጥነት ስናዞራት ቆየንና ጣቷ ቀስ እያለ ቀጥ አለ። የቆመች መስሏታል! ወንበሩን ስናቆመው ደግሞ «አሁን በተቃራኒው አዞራችሁኝ» ብላ ተቆጣች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ የሚያውቀው የፍጥነት ለውጥን ነው፤ ዙሩ ከረጋ ዝም ይላል። መሬት የማያይ አብራሪ መሣሪያውን ትቶ ስሜቱን ካመነ አለቀለት። ስለዚህ አብራሪው ዋሽቶ ሳይሆን ስሜቱ ዋሽቶት ይሆናል።

ቦርዱ ግን እዚህ አላቆመም። በዓይን እየታየ መደረግ የነበረበትን በረራ አብራሪው ጉም ውስጥ መቀጠሉን ዋና ምክንያት አድርጎታል። በራሱ ላይ የጫነውን ጫና፣ የጀመረውን ካልጨረስኩ ማለቱን፣ ሄሊኮፕተሩን ያሰማራውን ድርጅት የላላ ቁጥጥርም ጨምሮበታል። ይሄን ልጆቹ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ «ደርሰናል እኮ፣ ንዳው!» የሚል ተሳፋሪ መች ጠፍቶ።

እኔ ከዚህ ክፍል ጀምሬ ወደ ኋላ ባስተምረው ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ወንበሩ ሁሉንም ትኩረት ይወስዳል። በራሳችን ሪፖርት ላይ የአብራሪው ውሳኔ ይቅደም በሚል ብዙዎቹ ተስማሙ። ወንበሩ ላይ የነበረችው ልጅ ግን ድርጅቱ መቅደም አለበት ብላ አልፈረመችም። የጻፈችውን ተቃውሞ ከግርጌው አያይዘነዋል።