ከደመወዜ የሚቆረጥ ኢንሹራንስ፣ በአሠሪዬ እምነት የሚወሰን ሽፋን

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ሁለተኛ ልጄ ስምንት ወር ሲሞላው፣ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ንብረት በሆነ የቤት ዕቃ አከፋፋይ ኩባንያ የሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪሜ ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል ከለከለችኝ፤ ተመካክረንም በማኅፀን የሚቀመጠውን የመዳብ ሉፕ መረጥን። በኢንሹራንስ ካርዴ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውዬ ስጠይቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያለ ምንም ክፍያ እንደሚሸፈን ነገሩኝና አመንሁ። ቀጠሮዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን የክሊኒኩ የሂሳብ ሠራተኛ ደውላ ኢንሹራንሱ እንደማይከፍል፣ ከ1,000 ዶላር በላይም ከኪሴ እንደምጠየቅ አስታወቀችኝ።

ለካ እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠየቀው በኮድ ነው። የመዳብ ሉፑ ጄ7300፣ የማስገባቱ ሥራ ደግሞ 58300 የሚባል የሂሳብ መለያ አለው፤ እነዚህን ሁለቱን ይዤ እንደገና ስደውል የመለሰችልኝ ሠራተኛ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ እንክብሉና መርፌው እንደሚሸፈኑ፣ ሉፕንና የድንገተኛ ጊዜ እንክብልን ግን አሠሪዬ ከፕላኑ እንዳስወጣቸው ነገረችኝ። ምክንያቱ የባለቤቶቹ ሃይማኖት ነበር። እነዚህ ዘዴዎች የተፀነሰውን ነፍስ ያጠፋሉ ብለው ያምናሉ።

ይህ እንዴት ሕጋዊ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ብዙ ምሽት አንብቤአለሁ። ኦባማኬር የሚባለው የ2010 ሕግ የጤና ፕላኖች የመከላከያ አገልግሎቶችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ አዘዘ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያም በመመሪያ ተካተተ። ሆቢ ሎቢ የተባለው የኦክላሆማ የዕደ ጥበብ ዕቃዎች ሱቅ ባለቤቶች ከ20 ዘዴዎች አራቱን፣ እነሱም ሁለት ዓይነት ሉፕና ሁለት ዓይነት የድንገተኛ ጊዜ እንክብል ነበሩ፣ አንሸፍንም ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 30 ቀን 2014 በ5 ለ4 ድምፅ፣ በ1993 የወጣው የሃይማኖት ነፃነት ሕግ በጥቂት ሰዎች እጅ ያሉ ኩባንያዎችንም ይጠብቃል ሲል ፈረደላቸው። ዳኛ አሊቶ በጻፉት ውሳኔ ውስጥ ያኔ ሴቶቹ ምንም አይጎድልባቸውም የተባለው፣ አሠሪው ሲቃወም ኢንሹራንሱ ራሱ ለብቻው የሚከፍልበት ሌላ መንገድ ስለነበረ ነው። በ2018 የወጡት ደንቦች ግን ያንን መንገድ በአሠሪው ፈቃድ ላይ ጣሉት፤ ፍርድ ቤቱም በጁላይ 2020 በ7 ለ2 ድምፅ ደንቦቹን አጸናቸው። እኔ የወደቅሁት በእነዚህ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ነው።

ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሽፋን ሕግ ስላላት እርሱ ያድነኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ካርዴ ላይ የታዋቂ ኢንሹራንስ ስም ቢታተምም፣ ለሐኪም ቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ የኩባንያው የራሱ ነበር፤ ኢንሹራንሱ የሚሠራው ወረቀቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፕላን ደግሞ ኤሪሳ የተባለው የ1974 ፌዴራል ሕግ ከክፍለ ግዛት የኢንሹራንስ ሕግ ውጭ ያደርገዋል። ይህን ያወቅሁት የፕላኑን ዝርዝር መግለጫ በጽሑፍ ጠይቄ ስቀበል ነው፤ በጽሑፍ ሲጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ትልቁ ስሕተቴ ግን መግለጫውን ከማየቴ በፊት ይግባኝ መጻፌ ነበር። ይግባኝ የሚጠቅመው ፕላኑ የሚሸፍነውን ነገር በስሕተት ሲከለክል ነው፤ ሆን ብሎ ላወጣው ነገር ግን ደብዳቤዬ ሰባት ሳምንት ከፈጀ በኋላ አንድ ገጽ መልስ ብቻ አመጣልኝ። በእነዚያ ሳምንታት እኔና ባለቤቴ በጭንቀት ነበር ያሳለፍነው።

የባለቤቶቹን እምነት አልንቅም። እኔም ረቡዕና ዓርብ የምጾም ሰው ስለሆንሁ ሕሊና ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ያ ፕላን በየሁለት ሳምንቱ ከቼኬ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው የሚጨምረውም ቢሆን ለሥራዬ የሚሰጠኝ ዋጋ ነው። በደመወዜ የምገዛውን ማንም አይመርጥልኝም፤ ኢንሹራንሱ ለምን እንደሚለይ እስከዛሬ አልገባኝም። በሆቢ ሎቢው ክርክር ዳኛ ጊንስበርግ በተቃውሞ ሐሳባቸው የአንድ ሉፕ ወጪ በዝቅተኛው የክፍያ ወለል የሚሠራ ሰው ከሚያገኘው የሙሉ ወር ደመወዝ ጋር እንደሚቀራረብ ጽፈው ነበር።

መፍትሔው ከሕጉ ሳይሆን ከክሊኒክ መጣ። ከ1970 ጀምሮ ታይትል ቴን በተባለ የፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒኮች ክፍያውን በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይወስናሉ፤ ከድህነት ወለል በታች ላለ በነፃ፣ እስከ ወለሉ 250 በመቶ ድረስ ገቢ ላለው ደግሞ በቅናሽ ነው። የእኔንና የባለቤቴን የደመወዝ ወረቀት ይዤ ሄድሁ፤ ተሰልቶ 160 ዶላር ከፈልሁና በዚያው ቀን ጨረስሁ። ወደዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን ተረጋግቼ እቀጥለው ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተከራክሬ መድኃኒቱን በኋላ ፈለግሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ስቀይር፣ ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝን ሴት ፕላኑ የኩባንያው የራሱ ገንዘብ ነው ወይስ ከኢንሹራንስ የተገዛ፣ በሃይማኖት ምክንያት የወጣ አገልግሎትስ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላወቀችም። መልሱን በኢሜይል እስክትልክልኝ ድረስ የሥራ ውሉን ሳልፈርም አራት ቀን ጠበቅሁ።