ማስረሻ የሚሉት ስም

ከትናንት ጀምሮ ውስጤ ከብዶኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛልና ምክንያት አልፈለግሁለትም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን ደርቤ በባሕሩ ዳር ወደሚያስኬደው መንገድ ወጣሁ። ውሃው በጎርፉ ደፍርሷል፤ ከዘጌ በኩል የመጡ ሁለት ታንኳዎች የጫኑትን እንጨት እያራገፉ ነበር። ከአጠገባቸው ተቀምጦ ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዳ አንድ ጎልማሳ ድንገት ቀና አለና «ማስረሻ! አንተ ማስረሻ!» ብሎ ተጣራ። አሥር ዓመት እንኳ የሚሞላው የማይመስል ልጅ ከደንገሉ ማዶ «አቤት!» ብሎ እየሮጠ መጣ። እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የአባቴን ስም ከስሜ ኋላ ተከትሎ በየቢሮው ሲነበብ እሰማዋለሁ፤ ብቻውን፣ ሰው ሲጠራበት ከሰማሁ ግን እሱ ካረፈ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስሙን ያወጡለት እናቱ፣ አያታችን እማሆይ ናቸው። በሰባት ወይም በስምንት ዓመቴ ዘጌ ከእሳቸው ጋር ቡና ስንለቅም፣ «እማሆይ፣ አባዬን ለምን ማስረሻ አሉት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የምረሳው ስለ ነበረኝ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸው ከቅርንጫፉ ላይ ጥቂት ዘግይቶ እንደገና መልቀም ጀመረ። ከአባቴ በፊት አንድ ልጅ ተወልዶ እንደ ሞተባቸው ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት። ወንድ ይሁን ሴት፣ ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ሞት በገባበት ቤት የሚወጡ ስሞችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ምትኩ የሄደውን ይተካል፤ ተካም እንዲሁ ነው። ካሳ ደግሞ ከጠፋው ይልቅ የተከፈለውን ያሳያል። ካሳ ተብለው አድገው በሌላ ስም የነገሡ ሁለት ነገሥታት አሉን፤ አንዱ በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲደፉ ቴዎድሮስ፣ ሌላው በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተባሉ፤ ካሳ የተባለውም ስም የቤት ስም ሆኖ ቀረ። ማስረሻ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የማንንም ቦታ አይሞላም፣ ዕዳም አይከፍልም። አስረሳኸኝ የሚባል ስም አለ፤ ያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተፈጽሞ እናቲቱ አርፈዋል ማለት ነበር። ማስረሻ እንደ መክፈቻ፣ እንደ መጥረጊያ ሊሠራበት የተዘጋጀ ዕቃ ስም ነው፤ ሥራው መሳካት አለመሳካቱን አይናገርም። አባቴ ሰባ ዓመት ሙሉ ያን ዕቃ ሆኖ መኖሩን እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድረስ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም።

እኛ ሐይቁን ባሕር ብለን፣ ከተማውንም ከዳሩ ስለ ተቀመጠ ባሕር ዳር ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን፤ የምናየውን በቀጥታ እንሰይማለን። የሰውን ስም ስናወጣ ግን ንግግር እናደርገዋለን። ስንታየሁ እና አለማየሁ በሚሉት ስሞች ውስጥ የሚናገረው ወላጁ ነው፤ ያየውንም መከራ ሆነ ዓለም የሚነግረን ስለ ራሱ ነው። ጥላሁን ልጁን ያዝዘዋል። ታረቀኝ ስለ እግዚአብሔር የተነገረ ነው። በላቸው የተባለውም ልጅ ስም ከአልጋው አልፎ አጥር ዘሎ ባላንጣ ጆሮ እንዲገባ የወጣ ነው። እንግዲህ ብዙዎቻችን ዕድሜያችንን ሙሉ ተሸክመን የምንዞረው እኛ ሳንወለድ የተጀመረ የሌላ ሰው ጨዋታ ወይም ለቅሶ ነው፤ «ስምህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅም «በተወለድህ ጊዜ ቤታችሁ ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ያን እያሰብኩ ስመለስ ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ያሳየኝ ወረቀት ትዝ አለኝ። የአራስ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የሕፃኗ ስም፣ ቀጥሎ የእሱ፣ ቀጥሎ የወንድሜ ስም ተጽፎበታል። ደስ ብሎኝ፣ መርቄ መለስኩለት፤ ማስረሻ እንደሌለበት ልብ አላልኩም። ሥርዓታችን ይህ ነው፤ አራተኛው ሲመጣ የመጨረሻው ይወርዳል። ከእኔ ልጆች ላይማ ገና ሲወለዱ ነው የቀረው። አግብቼ የራሴን ስም ይዤ መኖሬን እንደ ትልቅ ጸጋ እቆጥረዋለሁ፤ ለልጆቼ ግን ላወርሰው አልቻልኩም። ስሙን ያወጡት እማሆይ ደግሞ ከማንኛችንም ወረቀት ላይ የሉም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ጋር የማይለወጥ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የራስ፣ የአባት፣ የአያት እያለ በለመደው ቀጠለ።

ታናሽ ወንድሜ ውጭ አገር እንደ ገባ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ማስረሻ ብሎ ሞላ። ስለዚህ ልጆቹ እዚያ ማስረሻ ናቸው፤ የወንዶቹም ልጆች እንደ አገሩ ልማድ ማስረሻ ይሆናሉ፤ ከእነሱም የሚወለዱት እንዲሁ። ትልቁን ልጅ በስልክ የስሙን ትርጉም ያውቅ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ የቤተሰባችን ስም ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ለእሱ ሌላ ትርጉም የለውም። እንግዲህ ስሙ ትርጉሙን በምናውቀው በእኛ ዘንድ እየወረደ ይሄዳል፤ ቃሉን በማያውቁት ዘንድ ደግሞ ላይወርድ ተተክሏል።

ይህን እየጻፍኩ አንድ ነገር ከየት እንደ መጣ ሳላውቀው መጣብኝ። እማሆይ ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ እኔ ከመደቡ ላይ ነቅቼ እሰማቸው ነበር። የሞቱትን በክርስትና ስማቸው አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር፤ ወልደ እያሉ፣ ወለተ እያሉ፣ ገብረ እያሉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚያገኘው ያ ስም በቤት ስለማይጠራ፣ ከተደረደሩት ስሞች የትኛው የማን እንደ ሆነ አለይም ነበር። ያ ልጅ ለክርስትና ደርሶ ከሆነ ስሙን ሰምቼዋለሁ ማለት ነው። በየሌሊቱ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ማስረሻ ጎልማሳ ሆኖ በጓዳ ተኝቶ ሳለ፣ እናቱ የሚረሱትን ልጅ ይጠሩት ነበር።

የወንድሜ ልጅ ነገ ለቡና ይመጣል። ሕፃኗን ይዟት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ከወረቀቷ ላይ የወረደውን ስም ነግሬው፣ ከስሙ ኋላ ያለውንም ልጅ ላንሣለት? ወይስ እማሆይ የፈለጉት ይኸው መረሳቱን ነበርና ዝም ልበል?