ለአስር ኪሎ ሜትር መጀመሪያ ቀስ ማለት ነበረብኝ

ታላቁ ሩጫን ለመሮጥ በወሰንኩ ማግስት በጠዋት ተነስቼ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝኩት። አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላኝም። ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ደረቴ ተቃጠለ፣ የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች «አይዞህ ልጄ» እያሉ አለፉኝ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ጀማሪ ቶሎ ትንፋሽ ሲያጥረው «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ብሎ እንዳይተወው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ እኔ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ወደ ጃን ሜዳ ወረድኩ። እዚያ ልጆች የሚያሠለጥኑ አንድ ሽማግሌ ሁለት ቀን ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ እየሮጥክ ማውራት ትችላለህ?» አሉኝ። «አልችልም ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ቀንስ። እስክትችል ድረስ ቀንስ።»

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር ቀስ ብሎ መሮጥ ያሳፍረኝ ነበር፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። ግን እኮ ክለብ ያላቸው ሯጮች ራሳቸው በቀላል ቀናቸው ተሰልፈው እያወሩ ነው ሶምሶማ የሚሉት! እኔም አንድ ደቂቃ ሮጬ ሁለት ደቂቃ መራመድ ጀመርኩ። በስድስተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሳላቋርጥ ሮጥኩ፣ የዚያን ቀን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ሆን ብዬ ተውኳቸው። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። አንዴ ጓጉቼ እሁድን ጨመርኩበትና ቅልጥሜን አመመኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አረፍኩ። ማረፍ ልምምድ ማቋረጥ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ስመለስ ምንም አልቀነስኩም።

ጫማ ላይም ተሳስቻለሁ። ልክክ ያለ መረጥኩ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። እግር ሲሮጥ ያብጣል፣ ስለዚህ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑረው። ወደ ማታ፣ እግር ደከም ሲል ሄዶ መለካት ይሻላል።

የሩጫው ቀን ጠዋት በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ፣ የለመድኩትን ብቻ። መስቀል አደባባይ ስደርስ ጭፈራው፣ ዘፈኑ፣ የሕዝቡ ብዛት ልቤን አሸበረው። አጠገቤ የነበሩት ተፈትልከው ሲሄዱ እግሬ ተከተላቸው። የጋሼ ነገር ትዝ አለኝና ያዝ አደረግኩት። ከአራተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብዙዎቹን ሲራመዱ አገኘኋቸው። መጨረሻው አካባቢ ጭኔ እንደ ድንጋይ ከበደ፣ ሰው ከዳር ውሃ ይረጫል፣ «በርታ! ደረስክ!» ይላል። በ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገባሁ። ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጃን ሜዳ ሄድኩ። ጋሼ ስንት እንደገባሁ አልጠየቁኝም።

«ማውራት ቻልክ?» አሉኝ።

«እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር» አልኳቸው።