ሦስተኛው ዓሣዬ ዋኘ

ከስምንት ወር ልፋት በኋላ በሞዛይክ፣ ማለትም ትንንሽ ባለቀለም ጠጠር በመደርደር በሚሠራ ሥዕል፣ ዓሣ የሚመስል ዓሣ ሠራሁ። ሁለተኛውን ያየች ጊዜ እናቴ «ጫማ ነው?» ብላኝ ነበር። ይሄኛውን ግን ሳልነግራት አወቀችው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ እስራኤል፣ ሎድ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር የወጣውን የሮማውያን ዘመን የሞዛይክ ወለል ሄጄ አየሁ። 1,700 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አንደኛው ክፍል ባሕር ነው፤ ሁለት የንግድ መርከቦች፣ የቀረው ሁሉ ዓሣ። በወለሉ ሙሉ አንድም ሰው አልተሣለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያነሱት ግን ከሥሩ፣ ኖራው ላይ፣ የሠራተኞቹ የእግር ዱካ ተገኘ። ባዶ እግርም አለ፣ ጫማም አለ። እኔን የያዘኝ ያ ዱካ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ልዝለላቸው። ጣቴን ቆረጥኩ፣ ኮላ ደፋሁ። ጭራሽ የጀመርኩት ከጥንቷ የጣሊያን ከተማ ከፖምፔ በወጣው የኦክቶፐስ (የባለ ስምንት እጁ የባሕር እንስሳ) ሞዛይክ ነበር፤ ያ ኔፕልስ ሙዚየም ያለው፣ ሎብስተር ከሚባል ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ጋር የተናነቀው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ ላይ ጠጠሮቹ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም። የኔ ሰድር 1 ሴንቲ ሜትር ነው። የተደፋ ፓስታ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ተራ ዓሣ ወረድኩ። ሁለቱም ግን አልዋኝ አሉ። ቀለሙ ልክ፣ ቅርጹ ልክ፣ ዓሣው ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ሦስት ወር ዓሣውን ሳፈርስ ሳስተካክል ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ ያለው በዓሣው ዙሪያ ባለው ነጭ ላይ ነው! እኔ ነጩን ጠጠር እንደ ቤት ሰድር ቀጥ አድርጌ እደረድርና ዓሣው ጋ ስደርስ የተረፈችውን ክፍተት በስብርባሪ እሞላለሁ። የሮማውያኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ነጭ የዓሣውን ጠርዝ ተከትሎ ይዞራል፤ በሆዱ ጎብጦ፣ በጅራቱ ሾሎ። ቀጥ ያለው ረድፍ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ውሃው ዓሣውን አቅፎ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ረድፍ ጨመርኩ፣ ዓሣው ተንቀሳቀሰ።

ግን ጥምዝ ላይ አራት ማዕዘን ጠጠር አይገጥምም። አንዱ ጎኑ ጠበብ ማለት አለበት። እዚህ ላይ ነው የሰድር መቁረጫ ፒንሳዬን የጠላሁት። እብነ በረድን አይቆርጥም፣ ያደቅቀዋል። አሁን ግንድ ላይ የተተከለ ስለት አለኝ። ጠጠሩን ስለቱ ላይ አስቀምጦ፣ ከላይ በስለቱ ትይዩ በመዶሻ መታ ማድረግ ነው። ሲገባችሁ ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። እኔን የገባኝ ከአንድ ባልዲ ብክነት በኋላ ነው። ድንጋዩ ከኩሽና ባንኮኒ ሠሪ የተጣለ ቅንጥብጣቢ ስለሆነ ኪሴ አልተጎዳም። ጎረቤቴ ግን በዕረፍት ሰዓት ስመታ ሁለቴ በሬን ደብድቧል።

መነጽር አድርጉ። ድንጋዩን አርጥቡት፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ፎቶ አትሞ በላዩ መደርደርን ደግሞ አልወደውም፤ ዓይን ያሰንፋል። ሁለተኛውን እንደዚያ ነው የሠራሁት፣ ጫማውን ማለቴ ነው።

የሦስተኛውን ዓይን በድንጋይ አልሞላሁትም። የእህቴ የአንገት ጨሌ ነው። እስካሁን አንዷ እንደጎደለች አላወቀችም።