«25 በመቶ የተቀነሰ» የሚለው ሾርባ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆም ኬር (አረጋውያንንና ሕሙማንን በየቤታቸው መንከባከብ) የሚሠሩ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ይህ የአንዷ የሥራ ገጠመኝ ነው። የምትንከባከባቸው አባት የልብ ድካም አለባቸው፤ ሐኪማቸው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ሶዲየም (በዋናነት ከጨው የሚገኝ ንጥረ ነገር) እንዳያልፉ አዟል። ልጃቸው ሥራ ስትውል ምሳቸውን የምታቀርበው ተንከባካቢዋ ናት። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ክብደታቸውን መዝና ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ሰኞ 162 ፓውንድ ነበሩ። ሐሙስ 165፣ ዓርብ 167 ሆኑ። ካልሲያቸው ሲወልቅ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጠልቆ የቀረ መስመር ታየ። በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመሩ እንድትደውል ተነግሯት ስለነበር ወዲያው ደወለች። እንዲህ ያለው ጭማሪ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። ሶዲየም ውሃ ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ 2.2 ፓውንድ ይመዝናል። በአምስት ቀን ውስጥ ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ በሰውነታቸው ተጠራቅሟል ማለት ነው።

የመጣችው ነርስም ሐበሻ ነበረች።

«አባባ፣ ጨው በዛ እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ጨው ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ!»

ተንከባካቢዋ የምሳውን የሾርባ ቆርቆሮ አምጥታ አሳየቻት። «ይኸው እህቴ፣ እኔም የምገዛላቸው ሶዲየም የተቀነሰበትን ነው።»

እውነቷን ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ «25 በመቶ የተቀነሰ» ይላል። የተቀነሰው ግን ከምን ላይ ነው? ከመደበኛው ሾርባ ላይ ነው። መደበኛው 880 ሚሊግራም ካለው የተቀነሰው 660 ይኖረዋል። በአሜሪካ ሕግ «ሎው ሶዲየም» (አነስተኛ ሶዲየም) ለመባል በአንድ ሰርቪንግ (ለአንድ ጊዜ ተብሎ በተለካ መጠን) ከ140 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። «ሪዱስድ ሶዲየም» (የተቀነሰ ሶዲየም) የሚለው ግን ከመደበኛው ቢያንስ በሩብ ማነሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

ነርሷ ቆርቆሮውን አዙራ ከጀርባው ያለውን የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የመጀመሪያ መስመር አሳየቻት፦ አንድ ሰርቪንግ ግማሽ ካፕ፣ በቆርቆሮው ውስጥ 2.5 ሰርቪንግ። አባባ የሚጠጡት ቆርቆሮውን በሙሉ ነው። 660 በ2.5 ሲባዛ 1,650 ሚሊግራም። ሾርባው ወፍራም ስለሆነ አንድ ቆርቆሮ ውሃ ይጨመርበታል፤ ውሃው ጣዕሙን ያሳሳዋል እንጂ ሁሉም እስከተጠጣ ድረስ ሶዲየሙን አይቀንሰውም። የቁርሱ ሁለት ቁራጭ ዳቦ እያንዳንዱ 150 ነበረው። እራት ሳይደርስ 1,950 ሆነ።

«እኔኮ ጨው ከግብዓቶቹ ዝርዝር ታች ስለሆነ ትንሽ መስሎኝ ነው» አለች ተንከባካቢዋ።

ይህም የሚጠበቅ ግምት ነው። ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከክብደታቸው ብዛት ወደ ትንሹ ነው፤ ከሁለት በመቶ የማይበልጡት ደግሞ «2 በመቶ ወይም ከዚያ በታች» ከሚል ሐረግ በኋላ ይሰበሰባሉ። ጨው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ግን ይሰላ፦ 305 ግራም በሚመዝን ቆርቆሮ ውስጥ 1 በመቶ ጨው ወደ 3 ግራም ነው። የጨው 40 በመቶው ሶዲየም ስለሆነ ወደ 1,200 ሚሊግራም ይመጣል። ስለዚህ ለሶዲየም የሚታመነው የሚሊግራሙ ቁጥር ነው፤ ከጨው ሌላ በምግብ ውስጥ ከሚጨመሩት ከሞኖሶዲየም ግሉታሜትም ሆነ ከሶዲየም ፎስፌት የሚመጣውም እዚያው ተደምሯል። በጎኑ ያለው በመቶኛ የተሰላው የቀን ጣሪያው 2,300 ሚሊግራም ነው ተብሎ ስለሆነ 2,000 ለተፈቀደለት ሰው አይሆንም።

ማታ ልጃቸው ይህን ስትሰማ የጨው ምትክ ገዝታ መጣች። ነርሷ በስልክ አስቆመቻት፤ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነበር። የጨው ምትክ በአብዛኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። አባባ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ ሊሲኖፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን፣ ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውማ ይብሳል። ሶዲየም የተቀነሰባቸው አንዳንድ ሾርባዎችም ውስጥ «ፖታሲየም ክሎራይድ» ወይም «ፖታሲየም ሶልት» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጠቀም የለበትም።

ነርሷ ለሐኪሙ ደውላ የውሃ ማስወጫው መድኃኒት መጠን ለጥቂት ቀናት ተስተካከለ። ይህን መወሰን የሐኪሙ እንጂ የተንከባካቢዋ ሥራ አይደለም። የእሷ ድርሻ ደብተሩ ነው፤ ከክብደቱ ጎን አዲስ መስመር አሰመረችና ቆርቆሮ ከመክፈቷ በፊት የሙሉውን ሚሊግራም መጻፍ ጀመረች። ሾርባውንም ከምስርና ከጥሬ ዶሮ ራሷ መሥራት ያዘች። ዶሮውም ቢሆን ይታያል፦ በማሸጊያው ላይ በትንንሽ ፊደል «እስከ 15 በመቶ የዶሮ መረቅ የገባበት» የሚል ካለ፣ ጥሬ ሥጋ መስሎ ጨዋማ ውሃ የተወጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ምንም ጽሑፍ አልነበረውም፤ ከአዲስ አበባ የሚላከው በርበሬ። ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ስለሚፈጭ በእራት ሽሮው ውስጥ ስንት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ልጃቸው ለአክስቷ ደውላ የሚቀጥለው በርበሬ ያለ ጨው እንዲፈጭ ነገረቻት፤ ያለውን ለራሷ ወጥ አስቀመጠችው።