ፎቅ ላይ የነበሩ መኪኖች

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ምክንያቱን እንጃ። እትዬ እንጀራ ገዝተህ ና ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ከቤት ለመውጣት ሰበብ አገኘሁ። ግን እግሬ ወደ ሱቁ አልሄደም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከዩ ስትሪት በ14ኛው መንገድ ቁልቁል ወረድኩ።

ፒ ስትሪት ጥግ ስደርስ ዝናቡ ጠነከረ። ስቱዲዮ ቲያትር ጋ ተጠለልኩ። በዚህ ቤት ደጃፍ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! ቀና ብዬ የላይ መስኮቶቹን ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

ቲያትር ቤቱ በፈረንጆቹ 1987 ከመግባቱ በፊት፣ ድሮ፣ እዚህ መኪና ይሸጥ ነበር። እዚህ ብቻ አይደለም። በ1920ዎቹ 14ኛው መንገድ የዋሽንግተን የመኪና ሰፈር ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አሜሪካኖች መኪና የሚገዙት ከብስክሌት ሱቅ ወይም ከፈረስ ጋጣ ነበር። ገበያው ሲደራ ነው ሻጮቹ ባንክ የሚያካክል ቤት ማሠራት የጀመሩት። ፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ነበር፤ በ1925 ርካሹ 260 ገባ። እንግዲህ ስንቱ ሰው መስታወቱ ጋ ቆሞ ሒሳቡን አስልቷል!

እኔን የያዘኝ ግን ላይኛው ፎቅ ነው። ታች ለገዢ፣ ላይ ለሥራ ነበር። መኪናው በትልቅ ሊፍት ይወጣል። እዚያ ይጠገናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ተራውን ይጠብቃል። ወለሉ በወፍራም ኮንክሪት የሚሠራው ያን ሁሉ ክብደት እንዲችል ነው። መስኮቱ የሚሰፋው ደግሞ ሠራተኛው በፀሐይ ብርሃን እንዲያይ ነው።

እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ከመሬት በታች፣ ሁለተኛ ምድር ቤት። ገብቼ እስክወጣ ሰማይ አላይም። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው መኪኖቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ሲገቡ ነው። ቲኬቱን ቀድጄ የመስታወቱ መጥረጊያ ሥር ስሰካ ጣቴ ይረጥባል። ያኔ ነው ውጭው ትዝ የሚለኝ።

በኤፕሪል 1968 የጥቁሮች መብት ታጋዩ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ዕለት ማታ ረብሻው የተነሳው ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 14ኛና ዩ ጥግ ላይ ነው። ስንቱ ሱቅ ነደደ። ሰፈሩ ለዓመታት ተራቁቶ ቆየ። ይሄ ቤት ግን አለ። መስኮቶቹም አሉ።

ያን ጊዜ መኪናውን ሊፍት ውስጥ እየነዳ ያስገባ የነበረው ልጅ ማን ይሆን? ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አለቃው ሳይጠራው ትንሽ መስኮቱ ጋ ይቆም ነበር?