የቀለም ቅኝት

ደሴ፣ ሐምሌ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ጦሳ አናቱን ጉም ውስጥ ቀብሯል፤ ከሥሩ ያለው የቆርቆሮ ጣራ ሁሉ አንድ መልክ ይዟል። እንዲህ ያለ ቀን ጋቢ ደርቦ ስልክ ላይ ሌሎች የሣሉትን ሲያገላብጡ ለመዋል ይመቻል። የዛሬው ማስታወሻ ከማገላበጡ ቀጥሎ ስላለው ሥራ፣ በስልክ ስለ መሣል ነው፤ ስክሪን ላይ የታየው ነገር እጃችን ሲገባ የራሳችን የሚሆነው በምን በምን እንደሆነ።

ከቀለም ልጀምር፤ ጀማሪን የሚጥለው እሱ ነውና። የተለመደ የስልክ ስክሪን እያንዳንዷን ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ያበራል፤ ለእያንዳንዱ 256 ደረጃ አለው። ሲባዛ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ይህን ሁሉ በነጻ ያገኘ ሰው በአንድ ሥዕል ላይ ሠላሳ አርባውን ይዘረግፋል፤ የሚወጣውም የገበያ ጃንጥላ ይመስላል። የዚህ መልስ ወሎ ውስጥ በጆሯችን ሲንቆረቆር ኖሯል። ባቲም አምባሰልም ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ያገኙ፣ በአምስት ድምፅ ብቻ የሚቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ክራር ደርዳሪው ድምፅ አነሰኝ አይልም። ባቲን ባቲ ያሰኘው የትኞቹ አምስት እንደተመረጡና በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ሥዕል ላይም የሰው ፊርማ ያለው እዚያ ይመስለኛል፤ ደጋግሞ በሚመርጣቸው ጥቂት ቀለሞችና በመካከላቸው በተወው ርቀት።

ለሥዕል የሚሆኑ አምስት ቀለሞችን ከኢንተርኔት መልቀም አልወድም። የሥዕል ማሰባሰቢያው ፒንተረስት አንድ ሥዕል በተነካ ቁጥር የሚመስሉትን እየጨመረ ያመጣል፤ ከሳምንት በኋላ ምርጫው የእኛ ይሁን የእሱ አይለይም። ቀለሙ ከደጅ ይምጣ። ደጅን ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል፣ ግን ስልኩ ይዋሻል። ካሜራው በራሱ ከተተወ የጉሙን ሰማያዊነት እንደ ስህተት ቆጥሮ ያርመዋል፤ የማለዳውን ሙቅ ብርሃንም ያቀዘቅዘዋል። ፕሮ የሚባለው ምርጫ ያለው ስልክ ከሆነ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የብርሃኑን ሙቀትና ቅዝቃዜ ማረሚያውን፣ 5500 ኬልቪን አካባቢ ማሰር ነው። ከሌለው የፀሐይ ምልክት ያለባትን ምርጫ መጫን ይበቃል።

ቀጥሎ ፎቶውን ሥዕል መሥሪያው አፕ ውስጥ ማስገባት። አይቢስ ፔንት ኤክስን የመሰለ፣ ሞዛይክ ማጣሪያ ያለው ይሁን። በቀለም መምጠጫው ፎቶውን በቀጥታ መንካት ግን ያሳስታል። የስልክ ፎቶ ጥላው ውስጥ ወይን ጠጅና አረንጓዴ የሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተኑበታል፤ ጣት የምታርፈው ከነሱ በአንዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን በሞዛይክ ማጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ስምንት ያህል ሰፋፊ ካሬ እስኪቀረው መጨፍለቅ፣ ከዚያ ከካሬዎቹ ላይ መልቀም። ካሬው የብዙ ነጥብ አማካይ ስለሆነ አይዋሽም። ከአምስቱ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ፈካ ያለ፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ጯሂ ይሁን። ጯሂው ከሥዕሉ አንድ አሥረኛ በላይ ከያዘ ሌሎቹን ያደነቁራል።

ለመነሻ የሚሆን ቁጥር ላስቀምጥ፤ በሂዩ (የቀለሙ ዓይነት)፣ በሳቹሬሽን (ድምቀቱ) እና በብራይትነስ (ብሩህነቱ) ቅደም ተከተል። ጉም 210፣ 6፣ 84። የላሊበላ አለት 12፣ 45፣ 55። ከሩቅ የሚታይ ባሕር ዛፍ 165፣ 22፣ 48። የገደል ጥላ 230፣ 35፣ 18። አደይ 48፣ 90፣ 95። እነዚህን ጎን ለጎን ሲያዩአቸው የተስማሙ ይመስላሉ። ግን ከላያቸው አዲስ ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚነጠፍ ስስ ገጽ) ከፍቶ በጥቁር መሙላትና የማዋሃጃ ስልቱን "ከለር" ማድረግ ነው፤ ሥዕሉ ወዲያው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል። ያን ጊዜ አለቱና ባሕር ዛፉ አንድ ግራጫ ሆነው ይዋሃዳሉ፤ አደይም ጉሙ ውስጥ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ስሜት ያልሰጠ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በሽታው ይኸው ነው፤ ቀለሙ ይለያያል፣ ብርሃኑ ግን እኩል ነው። ባሕር ዛፉን ከ48 ወደ 34 ዝቅ ሲያደርጉት አለቱ ይወጣል። አደይን ደግሞ ጉም ላይ መተው የለም፤ ከኋላዋ ጥላውን ማስቀመጥ ነው።

ስለ ጉም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐምሌን ደሴ ውስጥ ሆኖ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጉምን በንጹህ ነጭ የሚቀባ ሰው ነጩን እዚያው ጨርሶታል። ከዚያ በኋላ ነጠላ የለበሰች ሴት ብትመጣ በምን ትታያለች? ጉሙ 84 ላይ ሲቆም ነጠላው 97 ላይ ያበራል። ነጭን ከአምስቱ አልቆጥረውም፤ እሱ ወረቀቱ ነው።

ለመስመር ግን ኢንተርኔትን የመሰለ መምህር የለም፤ የሚገርመው የሚያስተምረን ሥራ ከዚሁ የወጣ መሆኑ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተዘረፉት ውስጥ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ላይብረሪ ገብተዋል። የወጡት ከወሎ አምባ ይሁን እንጂ ብዙዎቹን ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ከነሱ መካከል በዲጂታል ተነሥተው ለሕዝብ የተከፈቱ አሉ። ላይብረሪው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከባድ የሳይበር ጥቃት ደርሶበታል፤ ከዚያ በፊት የተቀመጠ ሊንክ አልከፍት ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው፣ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ቁጥር 1832 ተመዝግቧል። የዚያ ቤት ድረ ገጽ በነጻ ምዝገባ ይከፈታል። ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለም አይማሩበትም፤ እኔ ግን ለጀማሪ ይህን እመርጣለሁ፤ ዓይን በቀለም ሳይታለል መስመሩን ብቻ ያነብባል። ቀለሙን ማየት የፈለገ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለለት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም እንዲጠቀምበት ለቋል፤ የኢትዮጵያ ወንጌልም አለበት።

ምን ይጠና? ዓይን። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ወደ ተመልካቹ ይዞራሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይታይባቸዋል። ሁለተኛ፣ ገጽ አናት ላይ የሚጠላለፈው ሐረግ። ሐረግን በዓይን ግምት ለመቅዳት የሚነሣ ሰው ሦስተኛው ጥልፍ ላይ ይጠፋበታል። መጀመሪያ እኩል ካሬ ማስመር፣ የአንዱን ገመድ መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን መሳብ፣ ሁለተኛውን በሌላ ሌየር፣ በመጨረሻ በየመገናኛው አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እያሉ በላጲስ መቁረጥ። ሁለት "ከላይ" ከተከታተሉ የሆነ ቦታ መገናኛ ተዘሏል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

አሁን እጅ። ጣት ስክሪን ላይ ሁለት ጥፋት አለባት፤ የምትስለውን ነጥብ ትሸፍናለች፣ ግፊትም አታስተላልፍም። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ሥዕሉን ከ200 እስከ 300 በመቶ አቅርቦ መሥራት ነው። ለሁለተኛው አብሽሩ፤ የብራና ሠዓሊም መስመሩን ብዙውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ይሰጠው ነበር። ግፊት የሌላት ጣት ለዚያ አሣሣል የተፈጠረች ናት።

ብዕር ለሚፈልግ ቤት ውስጥ ይሠራል። ያለቀ ቢክ እስክሪብቶ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የተቆረጠ 2 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ፣ አሉሚኒየም ፎይልና ፕላስተር። የእስክሪብቶውን ቀለም አውጥቶ ስፖንጁን ጫፉ ላይ መሰካት፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዲታይ። ፎይሉ ከስፖንጁ ጎን ጀምሮ ጣት እስከሚይዝበት ድረስ ይጠቀለል፤ ፕላስተሩ ከስፖንጁ የራቀውን የፎይሉን ጫፍ ብቻ ይሰር። መያዣው ላይ ፕላስተር ከተጠቀለለ ሥራው ከንቱ ነው፤ ስክሪኑ የሚሰማው በሰውነታችን በኩል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ስለሆነ እጅ ፎይሉን መንካት አለበት። ስፖንጁ በውኃ ይርጠብና በጨርቅ ይጨመቅ። ውኃው ከበዛ ጠብታው ራሱ እንደ ጣት ይቆጠርና ያልታሰበ መስመር ይወጣል፤ ከደረቀ ደግሞ መስመሩ ይቆራረጣል። ጫፉ ከ5 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ ከተሾለ ብዙ ስልኮች አይሰሙትም፤ የሾለ ብዕር የሚመኝ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል።

ሸራው ለኤ4 ኅትመት 2480 በ3508 ፒክስል ነው። የስልኩ ራም ትንሽ ከሆነ አፑ የሚፈቅደው ሌየር ጥቂት ይሆናል፤ እንግዲያው 2000 በ2000 ላይ መሥራት ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል። ሌየሩ ከሥር ወደ ላይ ዳራ፣ ንጹህ ቀለም፣ ጥላ በመልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው የማዋሃጃ ስልት)፣ መስመር። ንድፉ ለብቻው ኦፓሲቲው (ድፍንነቱ) 30 በመቶ ላይ ይሁንና ሲያበቃ ይደበቅ። ንድፍና መስመርን አንድ ሌየር ላይ የሠራ ሰው በኋላ ላጲስ ይዞ ያለቅሳል።

ፊደል ላይ መቼም ብዙዎች ይሰናከላሉ። አፑ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ቃሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነጻ ይወርዳሉ። ይልቅ በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ሰው የራሱን "ሐ" ስክሪን ላይ አግንኖ ሲያየው ከማንም የተለየ መሆኑን ያውቃል።

ሰፌድ ለመሣል የሚነሣም አለ። አፖቹ ክብ መድገሚያ አላቸውና በአንድ ደቂቃ የሚያምር ክብ ይወጣል፤ ያየ ባለሙያ ግን ወዲያው ያውቅበታል። ሰፌድ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚወጣ አንድ ጥምዝ ነው እንጂ የክቦች ስብስብ አይደለም። ስለዚህ ጌጡ ዙሩ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ትንሽ ደረጃ ይሠራል። በመድገሚያው ከተሠራ በኋላ አንድ ቦታ ላይ በእጅ ያቺን ደረጃ መስበር ያስፈልጋል።

ከሰው ሥራ የተጠና ከሆነ የሠዓሊው ወይም የመጽሐፉ ስም ሥር ላይ ይጻፍ፤ ብዙ አያለፋም። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ በፒኤንጂ ይሁን፤ ያለዚያ ጨምቆ የጉሙን ስስ ልዩነት ያጠፋዋል።

ማተም ሲመጣ ስክሪኑ የሚያበራውን ቀለም ማተሚያው የለውም። ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ሞተው ይወጣሉ፤ አለቱና አደይ ብዙም አይጎዱም። ሙሉውን ከማሳተም በፊት አምስቱን ቀለም በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬ ደርድሮ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ማሳተም፣ ከነቁጥራቸው። ወረቀቷ በማተሚያ ቤቱ መብራት ሥር አትታይ፤ ደጅ ወጥቶ በቀን ብርሃን ነው። በሐምሌ ከሆነ ጉሙ እስኪገለጥ፣ እስከ 5 ሰዓት ገደማ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል።